ከጋቢ ሥር ያልቀረው ዋጋ

ነገሩ የተጀመረው ረቡዕ ቀን ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ በአንድ የቡና ነጋዴ ቢሮ ውስጥ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ተመርቄ ጅማ ከተመለስኩ ሁለት ወር ሊሞላኝ ነበር። ነጋዴው እንግሊዝኛ ደብዳቤ የሚጽፍ፣ ታይፕ የሚመታና በሒሳብ ሥራ የሚያግዝ ሰው ይፈልጋሉ ሲባል ሰምቼ ሄድኩ። ሰውየው መካን የተሳለሙ የከተማው ነባር ሰው ነበሩ፤ ሁሉም ሐጂ ነው የሚላቸው። እኔም ሐጂ እያልኩ እቀጥላለሁ።

መጀመሪያ ደብዳቤ አስነበቡኝ። ከዚያ ያነበብኩትን በአማርኛ አስነገሩኝ። ቀጥሎ ከጥግ በጨርቅ ተሸፍኖ የተቀመጠውን ታይፕ አስከፈቱና ሦስት ደብዳቤ አስመቱኝ። ሥራ አያስፈራኝም፤ የሚያስቸግረኝ ሰው ፊት መናገር ነው። ከጎናቸው የቆሙት ሽማግሌ ሒሳብ ያዥ የመታሁትን ወረቀት ወደ መስኮቱ አስጠግተው አዩትና ብዕር ሳያነሡ አስቀመጡት። ስሕተት አለማግኘታቸው ገባኝ።

ከዚያ ሐጂ ጠየቁኝ።

«ስንት ትፈልጊያለሽ?»

የሒሳብ አያያዝ ተምሬ ነበር፤ የንግድ ሕግም ተምሬ ነበር። የራሴን ዋጋ በራሴ አፍ መጥራት ግን እንደ ነውር እየቆጠርኩ ነው ያደግሁት። አባቴ ልብስ ሰፊ ናቸው። ስንት ነው ሲባሉ «እርስዎ ያውቃሉ» ይላሉ እንጂ ቁጥር ከአፋቸው አይወጣም። በቤታችን ጨዋነት ይኸው ነበር። ስለዚህ ወለሉን እያየሁ ያደግሁበትን መልስ ሰጠሁ።

«እርስዎ እንዳሉ።»

ሐጂ መነጽራቸውን አውልቀው ረጅም ጊዜ አዩኝ።

«ኢንተላ ኮ» አሉ በኦሮምኛ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «እዚህ ግቢ ቡና ጭኖ መጥቶ ‹እርስዎ እንዳሉ› ያለኝ ሰው አንድ ብቻ ነው። ጆንያውን ብንገለብጠው ከሥሩ አሸዋ ነበረው።»

ሒሳብ ያዡ ሳቁ። ቀጥለውም እኔ እዚያ እንደሌለሁ ሁሉ ለሐጂ ምክር ለገሱ። ሴት ልጅ ናት፤ የምትኖረው እናትና አባቷ ቤት ነው፤ የቤት ኪራይ የለባት፣ የምታሳድገው ልጅ የላት፤ በወር መቶ ሃምሳ ብር ይበቃታል አሉ። ከእኔ በፊት እዚያ ወንበር ላይ የነበረውን ልጅ አውቀዋለሁ፤ አብረን ነው የተማርነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ እዚያ ገባ፣ ሁለት መቶ ሃምሳ ይበላ ነበር፤ ይህንንም ላገኘው ሰው ሁሉ ይናገር ነበር። በኋላ አዲስ አበባ ገባ። ታይፕ የሚመታው በሁለት ጣት ነበር።

ሐጂ ፊታቸውን ከሒሳብ ያዡ ወደ እኔ መለሱ። ነገ ዋጋሽን ይዘሽ ነይ፣ ገንዘብ ያለበት ቤት ነውና ዋስሽንም ይዘሽ ነይ አሉና መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ።

ወደ ሰፈራችን ወደ በቾ ቦሬ ስመለስ መንገዱ ጭቃ ነበር፤ እኔም እንደ ጭቃው ከብጄ ነበር። ያ ሥራ ቢቀርብኝ የሚጠብቀኝን አውቃለሁ። ሩቅ ጠቅላይ ግዛት በሚገኝ ትምህርት ቤት የመምህርነት ቦታ ተሰጥቶኝ ነበር፤ እስከ ቅዳሜ እሺ ወይም እምቢ ብዬ መጻፍ ነበረብኝ። ማስተማር አልጠላም። ከመመረቄ በፊት የዩኒቨርሲቲውን የአገልግሎት ዓመት ሊሙ ገነት ሳስተምር ልጆቹ ወደውኝ ነበር፤ በቡና ለቀማ ወቅት ክፍሉ ባዶ ሲሆንብኝ እኔም አብሬያቸው ለቀማ ወጥቻለሁ። ነገር ግን የአባቴ ዓይን ደክሟል። መርፌ ላይ ክር የሚያስገባላቸው ሰው ከጎናቸው ከሌለ ሥራው ይቆማል። ሁለቱ ወንድሞቼ ገና ተማሪዎች ናቸው። ስለዚህ ጅማ መቅረት እፈልግ ነበር፤ መቅረቴ ደግሞ ለቤቱ የሚረባ ነገር እንዲያመጣ እፈልግ ነበር።

እናቴ ነገሩን ስትሰማ መጀመሪያ ተቆጣችኝ፣ ቀጥላ መከረችኝ። ሁለት መቶ በይ አለችኝ። ከዚያ በላይ ብትይ ገና ሳትቀመጪ ጠገበች ይሉሻል፤ ይህች የተማረች ይሉሽና ሌላ ይፈልጋሉ፤ ከገባሽ በኋላ ሥራሽን አይተው ይጨምሩልሻል አለች። አባቴ ከልብስ መስፊያቸው ቀና ሳይሉ፣ ሐጂ አላህን የሚፈሩ ሰው ናቸው፣ አይበድሉሽም አሉኝ። ሁለቱም የተናገሩት ከፍቅር መሆኑን አውቃለሁ። ግን ያ መቶ ሃምሳ ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ቁጥሩ ብቻ አይደለም፤ ሒሳብ ያዡ ቁጥሩን ያገኙት ከወረቀቴ አልነበረም፤ ከቀሚሴ ነው።

ከሰዓት በኋላ ጓሮ ወጥቼ ብቻዬን አሰብኩ። አብረውኝ ተመርቀው መንግሥት መሥሪያ ቤት የገቡት በስንት እንደተቀጠሩ ጽፈውልኛል፤ ሁሉም ከአራት መቶ በላይ ነው። ጅማ አዲስ አበባ አይደለም፤ እኔም የምኖረው ቤተሰቤ ጋ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ቀነስኩ። አራት መቶ። ይህን የሚያህል ነው የምሠራው፣ ከዚህ በታች ግን አልገባም ብዬ ወሰንኩ። ከዚያ ቁጥሩን ጮክ ብዬ መናገር ተለማመድኩ። «አራት መቶ ብር» እላለሁ፤ ድምፄ መሐል ላይ ይጠፋል። እንደገና እላለሁ። የጎረቤት ዶሮዎች ጥሬ የተጠሩ መስሏቸው በአጥሩ ሾልከው መጡ።

ሐሙስ የጅማ ገበያ ነው። ይህን እያወቅሁ ሳላስበው ቀርቻለሁ። በዝግ በር፣ ሐጂና ሒሳብ ያዡ ብቻ ባሉበት እነግራቸዋለሁ ብዬ ነበር የተዘጋጀሁት። አባቴ ዋስ ሊሆኑኝ የክት ኮታቸውን ለብሰው፣ ሰማያዊ ቀሚሴን በራሳቸው እጅ ተኩሰውልኝ፣ አብረን ስንደርስ ግን ግቢው በሰው ሞልቷል። አንድ ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና በር ላይ ቆሞ ጆንያ ይራገፋል። ከሊሙና ከአጋሮ ቡና ያመጡ አቅራቢዎች ተራቸውን እየጠበቁ በየጆንያው ላይ ተቀምጠዋል። ከመጋዘኑ ዳስ ሥር ቡና የሚለቅሙት ሴቶች መሬት ላይ ተደርድረው ሰፌዳቸውን ያንገዋልላሉ። ሐጂ ቢሮ ውስጥ አልነበሩም። ከሚዛኑ አጠገብ፣ ከእንጨት አግዳሚ ላይ፣ ጋቢያቸውን ደርበው ተቀምጠዋል።

አባቴ ኮፍያቸውን አውልቀው እጅ ነሱ። ሐጂ ተነሡላቸው፤ በክብር አጠገባቸው አስቀመጧቸው። ከዚያ የአባቴን ቀኝ እጅ ያዙና የጋቢያቸውን ጫፍ ጣል አደረጉበት።

እኔ ቆሜ ቀረሁ።

በእኛ ከተማ የቡና ሰዎች ዋጋ ጮክ ብለው አይጠሩም። ገዢው የሻጩን እጅ ይዞ በጋቢ ይሸፍናል። ከላይ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ መንገዱ ያወራሉ፤ ከሥር በጣት ይነጋገራሉ። የተጨበጠ ጣት ሁሉ ቁጥር ነው፤ የጣት እኩሌታ ከተያዘ እኩሌታ ነው። ሻጩ ያልጣመው እንደሆነ የገዢውን እጅ ፈልቅቆ የራሱን ይነግረዋል። እጁን ዝም ብሎ ከተወ ግን ተስማምቷል፤ እጆቹ ከጋቢው ከወጡ በኋላ መመለስ የለም። ይህን የማውቀው በልጅነቴ ነው። አባቴ የሚሰፉበት በረንዳ ከቡና ተራው ፊት ለፊት ነበር፤ ቁልፍ እየተከልኩላቸው የነጋዴዎቹን ጋቢ አይ ነበር፤ ጋቢው ሲነቃነቅ ዋጋውን እገምታለሁ፣ አንዳንዴም አገኘዋለሁ። አባቴ ግን ያን ሁሉ ዘመን ከስፌታቸው ቀና ብለው አይተው አያውቁም። ከሸዋ የመጡ ሰው ናቸው፤ ሥራቸው ከጨርቅ ጋር ነው እንጂ ከቡና ጋር አይደለም።

ሐጂ አባቴን የያዟቸው ዋጋዬን እንዲነጋገሩልኝ ነበር። አባቴ ግን የወዳጅነት ሰላምታ መስሏቸዋል።

«ዘንድሮ ዝናቡ ሳይበዛ አይቀርም» አሉ ሐጂ። ጋቢው ነቅነቅ አለ።

«በዝቷል፣ ሐጂ። የእግዚአብሔር ሥራ ነው» አሉ አባቴ፤ ፊታቸው በደስታ በርቷል። እጃቸው ዝም ብሏል።

«ልጆቹ ይማራሉ?»

«ይመስገነው፣ ሁለቱም ይማራሉ።»

ጋቢው ዳግመኛ ነቅነቅ አለ፤ አባቴ በትሕትና አንገታቸውን ሰበር አደረጉ። ሐጂ አንድ ጊዜ ወደ እኔ አዩ፤ ነገሩ በቀላሉ ስላለቀ የተደሰቱ ይመስላሉ። እጃቸውን ሊያወጡ ነው። አንድ ቁጥር፣ የማላውቀው ቁጥር፣ በአባቴ መዳፍ ውስጥ ሊታሰር ነው፤ አባቴም እንኳን አያውቁትም። ከዚያ በኋላ ተናግሬ ባፈርሰው አባቴን ቃላቸውን የበሉ ሰው አደርጋቸዋለሁ። ዝም ብል ለዓመታት በዚያ ቁጥር እኖራለሁ።

እንዴት እንደተናገርኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። ድምፁ ከእኔ የወጣ አልመሰለኝም።

«ሐጂ፣ አባቴ ዋስ ሊሆኑኝ ነው የመጡት። ዋጋዬን የምናገረው እኔ ነኝ። አራት መቶ ብር ነው የምጠይቀው።»

መጀመሪያ የሰፌዱ ድምፅ ቆመ። ቀጥሎ ጆንያ የሚያራግፉት ቀና አሉ። አባቴ እጃቸውን እሳት እንደነካው ሰው ከጋቢው ሥር መዘዙ። ሐጂ ባዶ እጃቸውን ገና እንደተሸፈነ ይዘው ቀሩ።

ከአቅራቢዎቹ አንዱ፣ ከጆንያው ላይ ሳይነሣ፣ በዚህ ዋጋ እኔ በቅሎ እገዛለሁ አለ። ጎኑ የተቀመጠው ሰው በኦሮምኛ፣ በቅሎዋ ግን ለፈረንጅ ደብዳቤ አትጽፍልህም አለው። ግቢው ሁሉ ሳቀ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ አልተከፈተችም፤ ስለዚህ እዚያው ቆምኩ።

ሐጂ አልሳቁም። ጋቢያቸውን ሰብስበው ትከሻቸው ላይ መለሱ።

«እንዳላሳፍርሽ ብዬ ነበር» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «የአንቺን እጅ ልያዝ ብል አይገባም። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ደግሞ ሴት ልጅ ዋጋዋን እንድትጠራ አልፈለግሁም። አባትሽን የያዝኩት ለዚህ ነው።»

«አውቃለሁ፣ ሐጂ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ይቅርታው ለምንድን ነው? ከተጠራ ተጠራ። እንግዲህ እኔም እጠራለሁ።» ዙሪያቸውን አዩ፤ በዕድሜያቸው ሙሉ ጮክ ብለው ያላደረጉትን ሊያደርጉ ነበርና ለራሳቸውም እንግዳ ሳይሆንባቸው አልቀረም። «ሦስት መቶ።»

የተዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ ግማሹ ጠፋብኝ፤ የቀረውን ተናገርኩ። አብረውኝ የተመረቁት መንግሥት ቤት ከአራት መቶ በላይ እንደሚቀጠሩ ነገርኳቸው። ትናንት የመታሁላቸው ሦስት ደብዳቤዎች ሁሉም መዘግየታችንን ይቅር በሉን የሚሉ መሆናቸውን አስታወስኳቸው፤ አሁን ደብዳቤ ለማስጻፍ አዲስ አበባ ሰው ይልካሉ፣ እስኪመለስም ቡናው መጋዘን ይከርማል፤ እኔ ግን ደብዳቤው በመጣበት ቀን መልስ እሰጣለሁ አልኩ። በዚህ ድምፄ አለቀ።

ሐጂ ጢማቸውን ዳበሱ።

«ሦስት መቶ ሃምሳ።»

መልስ መስጠት ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ፤ ምንም አልወጣም። ለአንድ ቀን የተሰጠኝን ድምፅ ሁሉ ጨርሻለሁ። እሺ ልላቸው ብፈልግ እንኳ አልችልም ነበር። ዓይኔ ሚዛኑ ላይ ተተክሎ ቀረ። ሴቶቹ ሰፌዳቸውን እንደያዙ ይጠብቃሉ፤ አቅራቢዎቹም ይጠብቃሉ። ሐጂ ጠበቁኝ፤ እኔ ዝም። ትንሽ ቆይተው ደግሞ ጠበቁኝ፤ አሁንም ዝም።

«ያ ረቢ!» አሉ በመጨረሻ፤ ወደ አቅራቢዎቹ ዞረው። «አያችሁ? እናንተ ለአንዲት ፈረሱላ ቡና ቀኑን ሙሉ ስትምሉ ትውላላችሁ። ይቺ ልጅ አንዴ ተናገረች፣ ከዚያ ዝም አለች። እንዲህ ነው ሻጭ።» ወደ እኔ ተመለሱ። «አራት መቶ ይሁን። ቢስሚላህ በይና ነገ ሥራ ግቢ።»

እናም ዓይን አፋርነቴ፣ ዕድሜ ልኬን ያሳፈረኝ ነገር፣ በዚያች ቀን በዚያ ግቢ ሃምሳ ብር ጨመረልኝ። ይህን ለሐጂ እስካሁን አልነገርኳቸውም። ይህን ስጽፍ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ፤ እሳቸው ዛሬም ለእንግዳ ሁሉ ጽኑ ተደራዳሪ እያሉ ያስተዋውቁኛል።

የዋስነቱን ወረቀት ቢሮ ውስጥ ሒሳብ ያዡ አቀረቡ። አባቴ ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው በዝግታ ሲፈርሙ፣ ሽማግሌው ወደ እኔ ዘንበል ብለው፣ እኔ እዚህ ስገባ የሰጡኝን ነው የተቀበልኩት፣ ስንት ትፈልጋለህ ሲሉኝ እርስዎ እንዳሉ ነው ያልኩት አሉኝ። የክፋት ንግግር አልነበረም። ብዕሩን ከአባቴ ተቀብዬ በሁለት እጄ አቀበልኳቸው።

አባቴ የአዌቱ ወንዝ ድልድይ እስክንደርስ ከፊቴ ከፊቴ ሄዱ። ተቀይመውኛል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ በሰው ፊት እጃቸውን አስመዝዣለሁ። ድልድዩ ላይ ቆም አሉ።

«እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳለሽ አላውቅም ነበር» አሉኝ።

«እኔም አላውቅም ነበር፣ አባባ።»

ከዚያ ሐጂ እንዴት እንደያዟቸው ያሳዩኝ ዘንድ ለመንኳቸው። አልገባቸውም፤ ግን እጄን ያዙ። በመርፌ የደነደነ ጣታቸው ሁለት ጣቴን ሙሉውን ጨበጠ፣ ሦስተኛውን ከእኩሌታው ያዘ። ሙሉ ጣት መቶ ነው፤ ሁለት መቶ ሃምሳ። ሐጂ እንግዲያስ ሊበድሉኝ አልነበረም፤ የሒሳብ ያዡን መቶ ሃምሳ ትተው ለበፊቱ ልጅ የከፈሉትን ነበር የሰጡኝ። ለአባቴ የጣቶቹን ትርጉም ስነግራቸው ድልድዩን ተደግፈው ሳቁ፤ ዓይናቸው እንባ እስኪያቀር ሳቁ።

«እኔ እኮ ሐጂ በጣም ወደዱኝ ብዬ ነበር» አሉ። «ጣቴን አንድ በአንድ ሲጨብጡኝ፣ የጅማ ሰው ፍቅሩ እንዴት ነው እያልኩ ነበር የማስበው።»

ያን ቀን ወደ ስፌታቸው አልተመለሱም። ኮታቸውን እንደለበሱ ሰፈሩን ዞሩ። ለጫማ ሰፊው ነገሩት፣ ለሱቅ ጎረቤታችን ነገሩት፣ ከመስጊድ ለሚወጡት ሰዎች ነገሩ፤ ልጄ በሰው ሁሉ ፊት ተናገረች ይላሉ፣ ቀጥለው የጣቱን ነገር በራሳቸው እጅ እያሳዩ ያስቃሉ። እናቴ የደመወዝ ነገር እንዲህ በአደባባይ አይወራም፣ ዓይን ይበላታል እያለች ተከተለቻቸው። ቁጥሩን ግን እሷም ለሁለት ጎረቤቶቿ በጆሮ ነግራቸው ነበር። እኔ ጓዳ ገብቼ ተቀመጥኩ። ከውጭ የአባቴ ሳቅ ይሰማኛል። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም፤ ማንም እንዳያየኝ ግን በሩን ገርበብ አድርጌው ነበር።

በማግስቱ ዓርብ፣ ማለዳ ተነሥቼ ለመምህርነቱ ቦታ አልመጣም የሚል ደብዳቤ ጻፍኩና በመንገዴ ፖስታ ቤት ጣልኩት። ግቢው በር ላይ ስደርስ ሸክም የሚያወርዱት ሰዎችና ሁለት አቅራቢዎች ግድግዳውን ተደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ። አንዱ ከሩቅ አየኝና ለሌሎቹ «አራት መቶ መጣች» አላቸው። «አራት መቶ፣ ደኅና አደርሽ?» አለኝ ሌላው። ስሜ ያ ሆኖ እንደሚቀር ያን ጊዜ አላወቅሁም። ሁልጊዜ እንደማደርገው አንገቴን ደፍቼ ላልፍ አንድ እግሬን አነሣሁ። ከዚያ ቆምኩ። ቀና ብዬ ሁሉንም አየኋቸው፤ ድምፄ ትንሽ ነው የወጣው፣ ግን ተሰማ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። እናንተስ ደኅና አደራችሁ?» አልኳቸውና ገባሁ።